ቡናውን ትቼ ቤት ብቀመጥ እማዬ ትተርፍ ነበር?

«ሰላም እትዬ። የምጽፍልሽ ከሀዋሳ ነው። ፍቅር ሐይቅ አካባቢ ጀበና ቡና እሸጣለሁ። ኮሮና የገባ ጊዜ እኔ፣ እናቴና የአራት ዓመት ልጄ በአንዲት የኪራይ ክፍል ነበርን። እማዬ ስኳርም ግፊትም ነበረባት። ግቢው ስድስት በር ነው፣ ቧንቧውም ሽንት ቤቱም የጋራ ነው። አጠገባችን ሦስት የኢንዱስትሪ ፓርክ ልጆች ይኖሩ ነበር። ታላቅ ወንድሜ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው። በየቀኑ እየደወለ ‹በር ዝጊ፣ እማዬን ጠብቂ፣ ቡናው ይቅርብሽ› ይለኝ ነበር። ሁለት ጊዜ ብር ልኮልናል። አንድ ወር ተኩል ተቀመጥኩ። ኪራዩና የእማዬ መድኃኒት ሲያፈጡብኝ ግን ወጣሁ። በርጩማዎቹን አራራቅኩ፣ ማስክ አደረግኩ፣ ማታ ስገባ ልብሴን ደጅ እቀይር ነበር። የእማዬን አልጋ በመጋረጃ ከለልኩት። ልጄ ግን ሌሊት በመጋረጃው ስር እየሾለከ እሷ ጋ ነበር የሚተኛው። ነሐሴ ላይ ሦስታችንንም በአንድ ሰሞን አመመን። እኔና ልጄ በሳምንት ዳንን፣ እማዬ በአሥራ አንደኛው ቀን አረፈች። ወንድሜ ቀብሯን በስልክ ነው ያየው። ከዚያ በኋላ ‹ለቡና ብለሽ ገደልሻት› አለኝ። ዛሬም ስንጣላ ይደግመዋል። አሁን ለጥምቀት ሊመጣ ነው። እውነቱን ንገሪኝ። ቡናውን ትቼ ቤት ብቀመጥ እማዬ ትተርፍ ነበር?»

እህቴ፣ በመጀመሪያ ነፍስ ይማር። ዓመታት ቢያልፉም ልበልሽ፤ ያኔ በወጉ ያለሽ ሰው ብዙ አይመስለኝም። ድንኳን አልተተከለ፣ ጎረቤት አላደረ፣ እድርተኛው ከሩቅ ራሱን ነቅንቆ ነው የተመለሰው። የ2012 ሐዘንተኞች ብዙዎቻችሁ ለቅሷችሁን ሳትጨርሱ ነው ወደ ሥራ የገባችሁት። ደብዳቤሽን ሳነብ መጀመሪያ የታየኝ እሱ ነው።

እውነቱን ንገሪኝ ስላልሽ «የእግዜር ፈቃድ ነው፣ አንቺ ምንም አላጠፋሽም» ብዬ አልሸኝሽም። ይህን የነገሩሽ ሰዎች እንዳሉ እገምታለሁ፣ ግን አልረዳሽም፤ ቢረዳሽ አትጽፊልኝም ነበር። እውነቱ ምን መሰለሽ፣ ብትቀመጪ ኖሮ እናትሽ ምናልባት ይተርፉ ነበር። ተቀምጠሽም ያው ሊሆን ይችል ነበር። የትኛው እንደሆነ አንቺም አታውቂ፣ ወንድምሽም አያውቅ፣ ያከማቸውም ሐኪም አያውቅ። ይህ የማምለጫ መልስ እንዳይመስልሽ፣ ምክንያቱን ላስረዳሽ።

ይህ ቫይረስ ሰውየው ሳል ሳይጀምረው፣ ትኩሳት ሳይኖረው፣ አንድ ሁለት ቀን ቀድሞ መተላለፍ ይጀምራል። አንዳንዱ ሰው ጭራሽ ሳያመው ያስተላልፋል። በጣም የሚተላለፈው ደግሞ በተዘጋ ቤት ውስጥ ነው፤ አየር በማይገባበት፣ ሰው ተጠጋግቶ በሚያወራበትና አብሮ በሚያድርበት። አንቺ ቡና የምታፈዪው ሜዳ ላይ ነው። የሐይቁ ነፋስ ከሰል አላያይዝ ብሎ የሚያስቸግርበት ቦታ ነው፣ አውቀዋለሁ። በርጩማ አራርቀሽ፣ ማስክ አድርገሽ እዚያ መቀመጥሽ ግቢያችሁ ውስጥ ከመዋል ይልቅ አደገኛ ነበር ብሎ የሚምል ሰው ካለ ሳያስብ ነው የሚምለው። ስድስት በር፣ አንድ ቧንቧ፣ አንድ ሽንት ቤት። የፓርኩ ልጆች በሰርቪስ ተጭነው ይመጣሉ። ልጅሽ ከግቢው ልጆች ጋር አቧራ ላይ ይውላል። እናትሽም ቢሆኑ በር ላይ ለቆመ ሰው «ግባ» ሳይሉ የሚያልፉ አይመስለኝም፤ የእኛ እናቶች እንዲያ አይችሉበትም። በሽታው ከስድስቱ በር በየትኛው እንደገባ በምን ይታወቃል? ወንድምሽ «በቡናው ነው» ሲል የሚያውቀውን እየተናገረ አይደለም። ሐዘኑ አንድ የሚይዘው ነገር ፈልጎ ቡናውን አገኘ።

አሁን ደግሞ ወንድምሽ ትክክል የሆነበትን ልንገርሽ፣ ምክንያቱም አለ። እሱ በየቀኑ ሲደውል የነበረበትን አገር አስቢ። በ2012 ሚያዝያ አሜሪካ ውስጥ በቀን 2,000 ገደማ ሰው ይሞት ነበር። ብዙዎቹ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ናቸው። ስኳር ያለበት፣ ግፊት ያለበት፣ ዕድሜው የገፋ ሰው ከተያዘ የመሞት ዕድሉ ከወጣቱ ጋር አይነጻጸርም። እሱ ያንን እያየ አንቺን «በር ዝጊ» ቢልሽ አልቀበጠም። ቆይቶ መያዝም ራሱ ትልቅ ነገር ነበር። መጀመሪያ ላይ ሐኪሞቹ ራሳቸው በጨለማ እየዳሰሱ ነበር። ዴክሳሜታዞን የሚባለው ርካሽ መድኃኒት ኦክስጅን ላይ ያሉ ሕሙማንን ሞት እንደሚቀንስ የታወቀው ሰኔ 2012 ላይ ነው። ክትባቱ ወደ አገራችን የገባው የካቲት 28/2013 ሲሆን መሰጠት የጀመረው መጋቢት 4 ነው፤ የመጀመሪያው ታማሚ ከተገኘ ልክ በዓመቱ። እናትሽ ካረፉ ሰባት ወር ሆኖ ነበር። ይህን መጻፉ ይከብደኛል፣ አንቺ ግን ሳታውቂው አትቀሪም። እነዚያን ሰባት ወራት የሚያሻግር አጥር ቢኖር ኖሮ ይጠቅም ነበር።

ስለዚህ መዝጋት ከንቱ ነበር አልልም። አሁን አሁን እንዲያ ማለት ፋሽን ሆኗል፣ አልስማማም።

ጥያቄው የመዝጊያውን ዋጋ ማን ይክፈል የሚለው ነው። ወንድምሽ ጋ ‹ቤት ተቀመጡ› ሲባል የአሜሪካ መንግሥት ለአብዛኛው ሰው 1,200 ዶላር በየአካውንቱ ልኳል። ሥራውን ላጣ ደግሞ ሌላ ክፍያ ነበረው። አንቺስ? መጋቢት 30/2012 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ሲታወጅ መንግሥታችን ሙሉ በሙሉ ቤት ዝጉ አላለም። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ራሳቸው ምክንያቱን ተናግረዋል፤ ቤት የሌለው ብዙ ነው፣ ቤት ያለውም የዕለት ጉርሱን ወጥቶ ነው የሚያመጣው። ከአራት ሰው በላይ አትሰብሰቡ፣ ማስክ አድርጉ፣ አትጨባበጡ፣ ታክሲው ግማሽ ይጫን ተባለ። አከራይ ተከራዩን እንዳያስወጣ፣ ኪራይ እንዳይጨምር ተከለከለ። ጥሩ ነው፣ ሰዎችን አድኗል። ግን ኪራይ አይጨመርም ተባለ እንጂ ኪራይ ቀረልሽ ያለሽ የለም። ወር ሲሞላ በሩ ይንኳኳል። የእናትሽ የስኳር መድኃኒት (ሜትፎርሚን) በነፃ አልመጣም። ወንድምሽ ሁለት ጊዜ ላከ፣ እግዜር ይስጠው፤ አዋጁ ግን አምስት ወር ነበር።

ህንድን አስታውሽ። መጋቢት 15/2012 ማታ 1.3 ቢሊዮን ሕዝብ በአራት ሰዓት ማስጠንቀቂያ ቤቱን ዝጋ ተባለ። በማግስቱ የቀን ሠራተኛው ልጁን ትከሻው ላይ አድርጎ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎሜትር በእግሩ ወደ ገጠሩ ሲጓዝ ዓለም አየው። መንገድ ላይ የወደቁም ነበሩ። ያ ሰው አጉል ደፋር ስለሆነ አልወጣም። ዘግቶ የሚቀመጥበት ቤትም የሚበላው እህልም ስላልነበረው ነው። ኡጋንዳ ደግሞ ትምህርት ቤቶቿን ለሁለት ዓመት ገደማ ዘጋች፤ የከፈተችው በእኛ ጥር 2014 ነው። በዚያ መሐል ሳይመለሱ የቀሩት ልጆች የኮሮና ሟች ተብለው አልተቆጠሩም። እዚሁ ሀዋሳም የውጭ ገዢዎች ትዕዛዝ ሲሰርዙ ስንቷ የፓርክ ልጅ ሻንጣዋን ይዛ ወደ ገጠሯ እንደተመለሰች አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂያለሽ፤ ጎረቤቶችሽ ነበሩ።

«ታዲያ ለምን ደካሞቹን ብቻ ለይተን አንጠብቅም?» የሚሉም መጡ። መስከረም 2013 ላይ ከሃርቫርድ፣ ከኦክስፎርድና ከስታንፎርድ የሆኑ ሦስት ፕሮፌሰሮች ይህንኑ በመግለጫ አወጡት፤ ወጣቱ ይሥራ፣ ይማር፣ ይኑር፤ ሽማግሌውና ሕመምተኛው ብቻ ይከለል። ሲሰሙት ደስ ይላል። እኔም መጀመሪያ ልክ ነው ብዬ ነበር። ሽማግሌ እኮ ብቻውን አይኖርም። ውሃ የሚቀዳለት፣ ምግብ የሚያቀርብለት፣ መርፌውን የሚወጋው ሰው አለ። ያ ሰው ታክሲ ይሳፈራል። ስዊድን ብዙውን ነገር ክፍት አድርጋ አረጋውያንን እንጠብቃለን ብላ ነበር፤ ታኅሣሥ 2013 ላይ የራሷ አጣሪ ኮሚሽን አረጋውያኑን መጠበቅ አልቻልንም ብሎ ጻፈ። ያቺ ሀብታም አገር፣ ለአንድ ሰው አንድ ክፍል ያላት።

እኛ ጋስ? እኛ ጋ ያለው ያንቺ መጋረጃ ነው።

መጋረጃሽን ደጋግሜ አሰብኩት። ምናልባት አሮጌ አንሶላ ነው፣ ወይም የእናትሽ ነጠላ። በሁለት ሚስማር ተወጥሮ አልጋውን ከፍራሹ ይለያል። በወዲህ አንቺ፣ በወዲያ እሳቸው፣ መሐል አየሩ አንድ። ሳል በመጋረጃ አይቆምም። አንቺም ይህን ሳታውቂ የቀረሽ አይመስለኝም፣ ግን ያለሽ እሱ ነበር፣ ሰቀልሽው። ከዚያ ሌሊት አንድ የአራት ዓመት ልጅ ተንፏቆ በስሩ ገባ፣ እንደ ለመደው አያቱ ጉያ ውስጥ ተሸጎጠ። እሳቸውስ «ሂድ» ይሉታል? የትኛው ፕሮፌሰር፣ የትኛው ሚኒስትር ነው ያንን ልጅ ከዚያ አልጋ ላይ የሚያነሳው?

እኔ ደግሞ በሩን የዘጋሁት ነኝ። የወር ደሞዝ ነበረኝ፣ ግቢም ነበረኝ። አባቴ 78 ዓመቱ ነበር፣ አስም አለበት። ከሚያዝያ እስከ መስከረም ከበር አላስወጣሁትም። ሰው አላስገባሁም። በየማለዳው ገብርኤል ደርሶ፣ ከዕድሜ እኩዮቹ ጋር ዛፍ ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ፣ ፀሐይ ሲበረታ ይመለስ የነበረ ሰው በረንዳ ላይ ሆኖ የተቆለፈውን በር ሲያይ ይውል ጀመር። በትሩን ይዞ ነው የሚቀመጠው፣ አሁን የሚነሳ ይመስል። ሰኔ ላይ «ምን አጥፍቼ ነው?» አለኝ። የቀለደ መስሎኝ ነበር፣ አልቀለደም። ነሐሴ ላይ ከአልጋ ሲነሳ ጉልበቱ ይከዳው ጀመር። የወንድሞቼን ስም ያምታታ ጀመር። በኮሮና አልተያዘም፣ ኋላም ክትባቱን ወሰደ። ብቻውን ገብርኤል ደርሶ ግን አያውቅም፣ እስኪያርፍ ድረስ። እኔን «ገደልሽው» ያለኝ ሰው የለም፣ እንዲያውም «ጎበዝ፣ ጠበቅሽው» ነው የተባልኩት። አንቺ በወጣሽበት ተረገምሽ፣ እኔ በዘጋሁበት ተመረቅሁ። የዚህ ልዩነት ግማሹ የደሞዝ ጉዳይ ነው፣ እህቴ። የፍቅር ልዩነት አይደለም።

ዛሬ ቢደገም ምን አደርግ ነበር? በሩን አሁንም እዘጋ ነበር። ግን በየጠዋቱ ወንበር ደጅ አወጣለት፣ አንድ ጓደኛውን ሁለት ሜትር አራርቄ አስቀምጥለት ነበር። ሜዳው ከቤቱ የተሻለ መሆኑን ያኔ አልገባኝም። ሁላችንም በር ስንዘጋ መስኮትም ዘጋን፣ እሱ ነው ያሳሳተን። እናንተም ጋ ቢደገም የመጀመሪያው ነገር መስኮቱ ነው፤ ሌሊትም ቢሆን ትንሽ ይከፈት፣ ቢበርድ ብርድ ልብስ ይጨመር። የስኳርና የግፊት መድኃኒት የሁለት ሦስት ወሩ አስቀድሞ ይገዛ። ክትባት ካለ ቀድመው የሚወስዱት ሽማግሌው ብቻ ሳይሆኑ አብሮት የሚያድረውም ይሁን።

ሌላው ለከተማው ሰው ነው፣ ካንቺ ሌላም ይህን የሚያነብ አለና። ያኔ ማዕድ ማጋራት ብለን ዱቄትና ዘይት አከፋፍለናል። መልካም ነበር። ግን ላገኘነው ሁሉ ትንሽ ትንሽ በተንን። የኔ አሳብ ይሄ ነው፤ አንድ ከተማ ሁሉንም ሰው ቤት አስቀምጦ መመገብ አይችልም፣ አዛውንትና ሕመምተኛ ጋር በአንድ ክፍል የሚያድረውን ሰው ግን መመገብ ይችላል። እድሩ ዝርዝሩን ያውቀዋል። በየግቢው ማን ማንን እንደሚያስታምም ከእድር ዳኛው በላይ የሚያውቅ የለም። ላንቺ ለአምስት ወር ኪራይሽንና የእናትሽን መድኃኒት ሃምሳ ቤት ቢካፈለው ለእያንዳንዱ በወር የጥቂት ስኒ ቡና ዋጋ ነበር። እኔ ያኔ እጄ ላይ ብር ነበረኝ፣ በኔም ግቢ አጠገብ እንዳንቺ ያለች ሴት ነበረች። አንድ ጊዜ ዱቄት ሰጠኋት፣ ግዴታዬን የተወጣሁ መሰለኝ። በሩን በዘጋሁ ቁጥር እሷ ወጥታ እንደምትሠራ አላሰብኩም። ይህን የምልሽ ጥፋትሽን ወደ ሌላ ለማዞር አይደለም። «ለምን ወጣሽ» ብሎ የሚጠይቅ ሰው «እንዳትወጪ ምን አደረግንላት» ብሎም መጠየቅ አለበት ለማለት ነው።

አሁን ወደ ወንድምሽ።

እሱም አልቀበረም። እናቱን በስልክ ስክሪን፣ ምናልባት ኔትወርኩ እየተቆራረጠ፣ የአፈሩን ድምፅ ሰምቶ ነው የተሰናበተው። መምጣት ቢፈልግም ያኔ መምጣት ቀላል አልነበረም። በየቀኑ መደወል ብቻ ነበር የሚችለው፣ የደወለውም ያንኑ ለማስቆም ነበር፣ አልቆመም። እንዲህ ያለ ሰው ንዴቱን የሚያሳርፍበት ይፈልጋል። ይህን ተረጂለት። ሆኖም መረዳት ማለት ስድብ መቀበል ማለት አይደለም። «ገደልሻት» የሚለው ቃል ቤትሽ ውስጥ እንዲደገም አትፍቀጂ። ሲመጣ፣ ገና ሻንጣው ሳይፈታ፣ ዘመድ ሳይሰበሰብ፣ ሁለታችሁ ብቻ ስትሆኑ ንገሪው። ረጅም ንግግር አያስፈልግም። «ወንድሜ፣ ያልከኝን ለማድረግ ሞክሬያለሁ። አንድ ወር ተኩል ዘግቼ ተቀምጬ ነበር። ከዚያ በኋላ ምን ያህል ብር በእጄ እንደነበር ልንገርህ» በይው። ከዚያ ቁጥሩን ንገሪው። ኪራዩ ስንት ነበር፣ መድኃኒቱ ስንት፣ የላከው ስንት ወር አቆየ፣ የቀረው ስንት። እያለቀስሽም ቢሆን ቁጥሩን ንገሪው። እሱ እስከ ዛሬ የሚያውቀው «ወጣች» የሚለውን ብቻ ነው። ያኔ ብሩ አልቋል ብለሽ ነግረሽው ነበር? ደብዳቤሽ ላይ አላየሁም። ካልነገርሽው፣ ላለማስቸገር ብለሽ «ደህና ነን» ብለሽው ከነበረ፣ ያንንም ንገሪው። ብዙዎቻችን እዚህ ያለነው ውጭ ላሉት እውነቱን ደብቀን እነሱ እንዲያውቁልን እንጠብቃለን። አንቺም እዚያ ላይ ስህተት ካለሽ ያቺ ናት፣ ከቡናው በላይ። እሱም መልሶ ማዳመጥ ካልቻለ በማግስቱ ድገሚለት። አብራችሁ መቃብሩ ጋ ሂዱ፣ በወጉ ያላለቀሳችሁትን እዚያ አልቅሱ፤ ያኔ በጣት የሚቆጠር ሰው ነበር የቆመው፣ አሁን ዘመድ ጥሩ።

አንድ ነገር ቀረኝ፣ ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ እሱ ነው። ልጅሽ አሁን ዘጠኝ አሥር ዓመት ሆኖታል። ስትጣሉ ስልኩ በስፒከር ነው? ልጁ እዚያው ክፍል ውስጥ ነው? እማማ በምን ሞተች፣ ማን አመጣባት፣ ለምን በመጋረጃ ተከለለች የሚለውን ሁሉ ይሰማል። በመጋረጃው ስር ይሾልክ የነበረው ማን እንደሆነም ያውቃል። አንቺና ወንድምሽ በቡናው ስትከራከሩ ያ ልጅ በዝምታ ሌላ መልስ ለራሱ ሰጥቶ ሊሆን ይችላል። የዘጠኝ ዓመት ልጅ እንዲህ ያለውን አይናገርም፣ ይዞት ያድጋል።

ወንድምሽ ከመምጣቱ በፊት፣ ዛሬ ማታ ቢሆን ደስ ይለኛል፣ አስቀምጪውና ጠይቂው። እማማን ታስታውሳታለህ በይው። ሌሊት እሷ ጋ ስትገባ ምን ትልህ ነበር በይው። የሚነግርሽን ሰምተሽ ስትጨርሺ፣ ያኔ ማንም የታመመበትን መንገድ እንደማያውቅ፣ እሷ ግን እሱን አቅፋ መተኛት ትወድ እንደነበር ንገሪው። ምን እንዳለሽ ጻፊልኝ።